ኦቲዝምና አካባቢ፦ የመጀመሪያው ልጅ ሕይወት ምን ያሳየናል?

አንድ የሥነ ልቡና ባለሙያ ለአንድ ትንሽ ልጅ ፈተና እየሰጡ ነው። «ከዐሥር ላይ አራት ቢቀነስ ስንት ይቀራል?» አሉት። ልጁ ስድስት አላለም። ሄክሳጎን፣ ማለትም ባለ ስድስት ጎን ምስል፣ እንደሚሥል ነገራቸው።

ይህን መልስ የሚያርም መምህር ስንት ማርክ ይሰጣል? በመልስ ቁልፉ መሠረት ከሆነ ዜሮ ነው። ነገር ግን ውድ አንባቢያን፣ መልሱን ልብ ብላችሁ ተመልከቱት። ልጁ ቀንሷል፤ ውጤቱንም በትክክል አግኝቷል። ያገኘው ውጤት ግን ጠያቂው በጠበቁት በር አልወጣም። በቤተ ሙከራ ለተማሪዎቻችን ዘወትር የምንነግራቸው ነገር አለ፤ መሣሪያው አልመዘገበውም ማለት ነገሩ የለም ማለት አይደለም፤ መሣሪያው ለዚያ ዓይነት ምልክት አልተሠራ ይሆናል።

ልጁ ዶናልድ ትሪፕሌት ይባላል። በ1933 (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ ሚሲሲፒ ግዛት፣ ፎረስት በተባለች ትንሽ ከተማ ተወለደ። ከዐሥር ዓመታት በኋላ በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል የሕፃናት አእምሮ ሐኪም የነበሩት ዶክተር ሊዮ ካነር የ11 ልጆችን ሁኔታ የሚገልጽ ጥናት አሳተሙ። ዛሬ ኦቲዝም የምንለው ነገር ራሱን ችሎ በሕክምና ዓለም የታወቀው በዋነኛነት በዚህ የ1943 ጥናት ነው። በጥናቱ ውስጥ ተራ ቁጥር አንድ ሆኖ የተመዘገበው ዶናልድ ነበር። (ለታሪክ ትክክለኛነት ያህል፣ ግሩንያ ሱኻሬቫ የተባሉ ሐኪም ተመሳሳይ ልጆችን በ1920ዎቹ አጋማሽ በሞስኮ ገልጸው ነበር፤ ሥራቸው ግን ለብዙ ዘመን ተገቢውን ቦታ ሳያገኝ ቆየ።)

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የፊዚክስ መምህር እንጂ ሐኪም አይደለም። ስለዚህ ስለ ምርመራና ስለ ሕክምና ምክር ለመስጠት አልነሣም። ለማስረዳት የምሞክረው አንዲት ነገር ናት፤ ኦቲዝም ከአንጎል አፈጣጠር የሚመነጭ ሆኖ ሳለ፣ ኦቲዝም ያለበት ሰው ሕይወት ወዴት እንደሚያመራ በመወሰን ረገድ አካባቢው ለምን ይህን ያህል ጉልበት ኖረው?

ሠላሳ ሦስት ገጽ ደብዳቤ

የዶናልድ አባት የሕግ ባለሙያ ነበሩ። እናቱ ደግሞ የከተማዋን ባንክ ከመሠረተው ቤተሰብ የተወለዱ ናቸው። ልጃቸው ገና ሦስት ዓመት ሳይሞላው መዝሙር 23ን (በእኛ ዳዊት 22ኛውን) በቃሉ ይወጣል፤ 25 የሃይማኖት ጥያቄዎችን ከነመልሳቸው ያነበንባል። ይሁን እንጂ አባቱ ከሥራ ሲመለሱ ቀና ብሎ አያይም። ድስት፣ ክዳንና የእንጨት ጡብ ወለል ላይ ማሽከርከር ይወዳል፤ ያን ሲከለከል ግን ጩኸቱ ቤቱን ያናውጣል።

ቋንቋውም የተለየ ነበር። ገላውን መታጠብ ሲፈልግ «መታጠብ ትፈልጋለህ?» ይላል። ጫማው እንዲወልቅለት ሲፈልግ «ጫማህን አውልቅ» ይላል። ቃሉን ከሌላ ሰው አፍ እንደሰማው፣ «አንተ»ን ወደ «እኔ» ሳይለውጥ መልሶ ያወጣዋል ማለት ነው። በእንግሊዝኛ ይህ የአንድ ተውላጠ ስም ጉዳይ ነው። በአማርኛ ግን ባለቤቱ በግሡ ውስጥ ተሰፍቶ ስለሚገኝ፣ አንድ የእኛ አገር ልጅ «ትፈልጋለህ»ን ወደ «እፈልጋለሁ» ለመለወጥ የቃሉን መነሻም መድረሻም መቀየር አለበት። ሳናውቀው በየደቂቃው የምንሠራው ሥራ ምን ያህል ውስብስብ እንደሆነ የሚገባን እንዲህ ያለ ልጅ ሲገጥመን ነው።

ከሁሉ የሚገርመው ደግሞ «አዎ» የሚለው ቃል ነው። አባቱ አዎና አይደለምን ሊያስተምሩት ሲሞክሩ አንድ ጊዜ «ትከሻዬ ላይ ላውጣህ?» ብለው ጠይቀውት ነበር። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ «አዎ» ማለት ለዶናልድ «ትከሻህ ላይ አውጣኝ» ማለት ሆኖ ቀረ። ነገሩ ለእንግዳ ሰው ትርጉም የለሽ ይመስላል። ቃሉ የተወለደበትን ቀን ለሚያውቅ አባት ግን ፍጹም ግልጽ ነው።

በዚያ ዘመን የነበሩ ሐኪሞች ወላጆቹ ልጁን ከመጠን በላይ አነቃቅተውታልና ከቤት ይራቅ ብለው መከሩ። በ1937 ዶናልድ አራት ዓመት ሊሞላው ሲል፣ ሕፃናትን ከሳንባ ነቀርሳ ለመጠበቅ ወደ ተሠራ ማቆያ ተወሰደ። ወላጆቹ በወር ሁለት ጊዜ ብቻ እንዲጎበኙት ተፈቀደላቸው። በዚያ ለአንድ ዓመት ያህል ሲቆይ ምንም ነገር ሳያይ፣ ሳይንቀሳቀስ የሚቀመጥ ልጅ ሆነ። በ1938 የማቆያው ኃላፊ ልጁን ተዉት ብለው ቢቃወሙም ወላጆቹ ወደ ቤት መለሱት። አባትየውም ለዶክተር ካነር 33 ገጽ የሞላ ደብዳቤ ጻፉ፤ ልጁ ምን እንደሚበላ፣ ምን እንደሚቆጥር፣ ምን እንደሚያስፈራው አንድም ሳያስቀሩ። ካነር በኋላ ከጻፉት የዶናልድ ታሪክ ውስጥ ብዙው ከዚህ ደብዳቤ የተወሰደ ነው። የሕክምና ሳይንስ ስለ ኦቲዝም ያገኘው የመጀመሪያው ሰፊ መረጃ የአንድ አባት የትዕግሥት ምልከታ ነበር ብል የተጋነነ አይሆንም።

ምክንያቱ ምንድን ነው?

ዛሬ በሥራ ላይ ባለው የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ መሠረት ኦቲዝም በሁለት ዐበይት ነገሮች ይለያል። አንደኛው ከሰው ጋር በመግባባት ረገድ የሚታይ ዘላቂ ልዩነት ነው። ሁለተኛው የተወሰነና የሚደጋገም ባሕርይ ወይም ፍላጎት ሲሆን፣ ድምፅን፣ ብርሃንን ወይም ንክኪን ከሌላው ሰው አብልጦ ወይም አሳንሶ መሰማት በዚሁ ውስጥ ይካተታል። በአንድ ስም ይጠራ እንጂ ስፋቱ ትልቅ ነው። በዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ኦቲስቲክ ሰው አለ፤ ዕድሜ ልኩን አንዲት ቃል የማይናገርና ለመብላትም ረዳት የሚያስፈልገው አለ።

መነሻው በአብዛኛው ከዘር የሚወረስ ነው። በአምስት አገሮች ከ2 ሚሊዮን በላይ ልጆችን ያካተተና በ2019 የወጣ ጥናት፣ በሕዝቡ መካከል ለሚታየው ልዩነት 80 በመቶ ያህሉን ድርሻ ለዘረ መል ሰጥቷል። አንድ ብቻውን «የኦቲዝም ዘረ መል» የሚባል ግን የለም፤ በመቶ የሚቆጠሩ ዘረ መሎች ናቸው የየራሳቸውን ጥቂት ጥቂት የሚያዋጡት። ክትባት ያመጣዋል የተባለበት የ1998 ጽሑፍ ያሳተመው መጽሔት ራሱ በ2010 የሰረዘው ነው፤ ስለዚህ እዚያ ላይ አልቆይም።

ሊቆዩበት የሚገባው ሌላው ስሕተት ነው። ከ1940ዎቹ መጨረሻ እስከ 1960ዎቹ ድረስ የኦቲዝም መንሥኤ የእናት ልብ ቅዝቃዜ ነው የሚል አስተሳሰብ ነገሠ። ካነርም ራሳቸው በከፊል ለዚህ ተጠያቂ ናቸው። በ1964 የኦቲስቲክ ልጅ አባት የሆነው የሥነ ልቡና ተመራማሪ በርናርድ ሪምላንድ ማስረጃዎችን አንድ በአንድ መርምሮ ሐሳቡ መሠረት እንደሌለው አሳየ። ካነርም በ1969 በወላጆች ጉባኤ ፊት ቆመው ወላጆችን ከጥፋተኝነት ነጻ አወጧቸው። በመካከሉ ስንት እናት በማታውቀው ኃጢአት እንደተቃጠለች የሚቆጥር የለም። በእኛም አገር «እርግማን ነው»፣ «ቁጣ ነው» እየተባለ ወቀሳው ወደ እናት የሚዞርበት ልማድ ከዚህ የራቀ አይደለም፤ ስሙ ይለያያል እንጂ የሚያደርሰው ጉዳት አንድ ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ «እናት ካላመጣችው፣ ነገሩም በዘር የሚወረስ ከሆነ፣ አካባቢ ምን ያደርጋል?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ሁለተኛ ዓመት የደረሰ የፊዚክስ ተማሪ መልሱን ያውቃል። አንድ የተወጠረ ክር እንዴት እንደሚርገበገብ የሚወስነው እኩልታው ብቻ አይደለም። ክሩ ጫፉ ላይ እንዴት እንደታሰረም ይወስናል። እኩልታው ያው ሆኖ የጠርዙ ሁኔታ ሲለወጥ የምንሰማው ድምፅ ይለወጣል። የክራር ተጫዋች ጣቱን ክሩ ላይ ሲያሳርፍ የክሩን ብረት አይቀይርም።

በበቆሎው መካከል

የዶናልድ ጠርዝ የተለወጠው በ1942 ነው። ዘጠኝ ዓመት ሲሆነው ወላጆቹ ከፎረስት 10 ማይል (16 ኪሎ ሜትር) ያህል ርቆ በሚገኝ እርሻ፣ ልጅ ከሌላቸው ባልና ሚስት ዘንድ እንዲኖር አደረጉ። ዶክተር ካነር በ1945 በአካል ሄደው ጎበኙት። ያዩትንም በአድናቆት ጽፈዋል።

ዶናልድ ያገኘውን ነገር ሁሉ የመለካት አባዜ ነበረበት። ገበሬው «መለካት ተው» አላለውም። የውኃ ጉድጓድ እንዲቆፍርና ጥልቀቱን እየለካ እንዲያስታውቅ አደረገው። ልጁ የሞቱ ወፎችንና ነፍሳትን እየሰበሰበ ያመጣ ነበር። ለዚህም የመቃብር ቦታ ተሰጠው፤ እሱም ለእያንዳንዱ ምልክት አቆመለት። መቁጠር ያበዛል፤ ስለዚህ በፈረስ እያረሰ የበቆሎውን ተርታ እንዲቆጥር ተነገረው። ካነር ቆመው እያዩ ዶናልድ ስድስት ረጃጅም ተርታዎችን አረሰ፤ ፈረሱንም ማረሻውንም በሚገባ ይቆጣጠር ነበር ይላሉ።

ይህ እርሻ የሕክምና ተቋም አልነበረም። ባልና ሚስቱም ስለ ሥነ ልቡና የተማሩት ነገር አልነበረም። ያደረጉት ነገር ግን ዛሬ ባለሙያዎች ከሚመክሩት ጋር ይገጥማል፤ የልጁን ልዩ ፍላጎት እንደ በሽታ ምልክት ከመጨቆን ይልቅ እንደ መግቢያ በር መጠቀም ነው። የሰው ፊትና የሰው ንግግር በዓለም ላይ ካሉ ምልክቶች ሁሉ ተለዋዋጭ ነው፤ አንድ ሰው «ደህና ነኝ» ሲል በሃያ ዓይነት ድምፅ ሊለው ይችላል። ቁጥር ግን ትናንትም ዛሬም ያው ነው። ብዙ ተመራማሪዎች ኦቲስቲክ ልጅ ወደሚደጋገም ነገር የሚሸሽበት አንዱ ምክንያት ይህ፣ ማለትም የሚመጣውን አስቀድሞ የማወቅ ዕረፍት፣ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። በበቆሎ ተርታ መካከል የሚቆጥር ልጅ ዕረፍቱን ሳይነጠቅ ከሰው ጋር ይሠራል። ስንት ተርታ እንደሆነ ለገበሬው ሲነግርም ንግግር ጀመረ ማለት ነው።

ከተማዋና ጡቦቹ

ዶናልድ ወደ ፎረስት ተመልሶ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገባ። አንድ ቀን ተማሪዎች የትምህርት ቤቱ ግድግዳ ስንት ጡብ እንዳለው ጠየቁት፤ እሱም ቀና ብሎ አየና ወዲያው አንድ ቁጥር ጠራላቸው። ዝናው በከተማዋ ናኘ፤ ለአሥርት ዓመታትም ሲተረክ ኖረ። ከብዙ ዘመን በኋላ ታሪኩን የጻፉት ጋዜጠኞች ስለዚህ ሲጠይቁት እውነቱን ነገራቸው፤ ቁጥሩን ከራሱ ፈጥሮ ነው የተናገረው። ለምን ቢሉት፣ እነዚያ ልጆች እንዲያከብሩት ስለፈለገ ነበር።

ኦቲስቲክ ሰው ሌሎች ስለ እሱ የሚያስቡት አይገባውም፣ አያስጨንቀውምም የሚለው አባባል በዚህ አንድ መልስ ላይ ይሰናከላል። ዶናልድ የስሌት ችሎታ አልነበረውም ማለት ግን አይደለም። በስተርጅና 87 በ23 ሲባዛ ስንት እንደሚሆን ተጠይቆ ሳይዘገይ 2,001 ብሏል። ወረቀት ያነሣችሁ አረጋግጡ።

በኮሌጅም የተማሪዎች ማኅበር አባል አድርጎ ተቀበለው። በኋላ ቄስ የሆነ አንድ ጓደኛው ዋና ሊያስተምረው ወንዝ ድረስ ወስዶት ነበር። ዶናልድ እጅና እግሩ አልታዘዝ ብሎት ዋናውን አልቻለውም፤ ጓደኝነቱ ግን አልቀረም። በ1958 ከሚልሳፕስ ኮሌጅ በፈረንሳይኛ ቋንቋ በዲግሪ ተመረቀ። ባለ ዲግሪውን ሰው ከዚህ በኋላ አንቱ ልንላቸው ይገባል።

አቶ ዶናልድ ወደ ፎረስት ተመልሰው በቤተሰባቸው ባንክ በገንዘብ ከፋይነት ሠሩ። በ27 ዓመታቸው መኪና መንዳት ተማሩ። ጎልፍ ወደዱ። ብቻቸውን እየተጓዙ ሦስት ደርዘን ያህል አገሮችን ጎበኙ፤ ግብፅን ሦስት ጊዜ አይተዋል። ጋዜጠኞቹ መጀመሪያ ወደ ከተማዋ በሄዱ ጊዜ ከአንድ በላይ የሆኑ ነዋሪዎች፣ ዶናልድን የሚጎዳ ነገር ብትሠሩ የት እንደምናገኛችሁ እናውቃለን ብለው አስጠንቅቀዋቸዋል።

አንድ ናሙና ምን ያህል ይታመናል?

እስካሁን የቀረበው ልብ የሚያሞቅ ነው፤ ስለዚህም ጥንቃቄ ይፈልጋል። አንድ ናሙና ሕግ አይሆንም። የዶናልድ ቤተሰብ ባለ ጸጋ ነበር፤ ባንኩ የራሱ፣ ጠበቃውም አባት። በዚያ ላይ ሚሲሲፒ ያኔ ነጭና ጥቁር በሕግ ተለይተው የሚኖሩባት ግዛት ነበረች። በዚያው ዓመት በዚያችው ከተማ የተወለደ ኦቲስቲክ ጥቁር ልጅ ባልቲሞር ድረስ የሚወስደው አልነበረውም፤ የካነር 11 ልጆችም ዘጠኙ ከአንግሎ ሳክሰን፣ ሁለቱ ከአይሁድ ቤተሰቦች ነበሩ። ዶናልድ በ1947 ከባድ የመገጣጠሚያ ሕመም ይዟቸው በወርቅ ጨው መታከማቸውና ከዚያ በኋላ መሻሻላቸውም የታወቀ ነው። ከመሻሻሉ የትኛው ከዕድሜ፣ የትኛው ከመድኃኒቱ፣ የትኛው ከእርሻው እንደመጣ በአንድ ሰው ታሪክ ለይቶ ማውጣት አይቻልም። ደግሞም ፍቅር ሞልቶ ተርፎ የማይናገር ልጅ የማይናገርባቸው ቤቶች ብዙ ናቸው። የእነዚያን ቤቶች ድካም በዶናልድ መለካት ያንኑ የድሮውን የእናት ወቀሳ በሌላ በር ማስገባት ነው።

ያም ሆኖ ካነር በ1971 ወደ 11ዱ ልጆች ተመልሰው የት እንደደረሱ አጥንተዋል። ወደ ትላልቅ የመንግሥት ማቆያዎች የገቡት ቀድሞ የነበራቸውን ችሎታ ሳይቀር እንዳጡ፣ ወደዚያ መግባት ከዕድሜ ልክ ፍርድ እንደማይለይ ደምድመዋል። በዚህ ንጽጽር የመቆጣጠሪያ ቡድን የለም፤ ቁጥሩም ጥቂት ነው። ነገር ግን ዶናልድ ራሳቸው ሁለቱንም ቀምሰዋል። ማቆያው ውስጥ በአንድ ዓመት የሆኑትን አይተናል።

በአገራችን

የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ከ127 ሰዎች አንዱ ኦቲዝም እንዳለበት ይገምታል። ይህ ለአንድ ሚሊዮን ሕዝብ ወደ 8,000 ይጠጋል። ግምቱ በብዛት የተጠኑ አገሮች መረጃ የሚያመዝንበት ቢሆንም፣ ለኢትዮጵያ ስናሰላው በየቀበሌው ስንት ቤት እንደሚነካ መገመት አያዳግትም።

በአገራችን ስሙን ያስተዋወቁት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ናቸው። ከአሜሪካ ከተመለሱ በኋላ ልጃቸው ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ሲመለስባቸው አይተው፣ በ2002 ኒያ ፋውንዴሽንን መሠረቱ። በሥሩም ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን በአዲስ አበባ ከፈቱ። በፊደላችን ላይ የተመሠረተ «አቡጊዳ ፎኔቲክስ» የተባለ የማስተማሪያ ዘዴም አዘጋጁ። ፊደላችንን እንደ ሠንጠረዥ ለተመለከተው ሰው ሐሳቡ የሚማርክ ነው፤ ሰባት ዓምድ፣ በየረድፉ አንድ ተነባቢ፣ ድምፁም ሥርዓቱን ጠብቆ የሚሄድ። ሥርዓትን ለሚወድ ልጅ ከዚህ የተሻለ የበቆሎ ማሳ ከየት ይገኛል? ወይዘሮ ዘሚ በ2021 ዐርፈዋል። ከእርሳቸው በኋላ የተከፈቱ ሌሎች ማዕከላት አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ለወላጆች ያዘጋጀው የአስተዳደግ ሥልጠናም ለኢትዮጵያ እንዲስማማ ተደርጎ ተሞክሯል። አብዛኞቹ አገልግሎቶች ግን አዲስ አበባ ላይ የተከማቹ ናቸው፤ የጎጃም ወይም የወሎ ገበሬ ልጅ ያለው ቤተሰቡና ጎረቤቱ ነው።

ወላጆች ሁሉ የሚጠይቁት ጥያቄ «ከእኔ በኋላ ማን አለው?» የሚል ነው። በኤች አይ ቪ ዘመን አንዳንድ የአዲስ አበባ ዕድሮች ከቀብር ሥራቸው አልፈው ወላጅ አልባ ሕፃናትን መርዳት ጀምረው ነበር። አባል ሲሞት ቤት የሚቀረውን ኦቲስቲክ ልጅ፣ ሠላሳ ዓመት የሞላውን ቢሆን እንኳ፣ ዕድሩ በመዝገቡ ላይ አስቀድሞ ቢያሰፍረው ምን ያግደዋል? የሚበላውን፣ የሚያስፈራውን፣ «አዎ» ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ የሚገልጽ አንድ ገጽ ከእናቱ አፍ ተቀብሎ ቢያስቀምጥስ?

የአቶ ዶናልድ ወላጆች ሁለቱም በ1980ዎቹ ዐረፉ። ቤተሰቡ ማንም አታሎ እንዳይወስድባቸው ገንዘባቸውን በአደራ አስቀምጦላቸው ነበርና፣ ባደጉበት ቤት ብቻቸውን መኖር ቀጠሉ። ጠዋት ከወዳጆቻቸው ጋር ቡና ይጠጣሉ፤ ከዚያ በእግራቸው ይንሸራሸራሉ፤ ከሰዓት በኋላ ጎልፍ ይጫወታሉ። በ2023 በ89 ዓመታቸው እዚያው ፎረስት ውስጥ እስኪያርፉ ድረስ አብዛኛው ቀናቸው እንዲህ ያለ ነበር። ለወዳጆቻቸው ለየአንዳንዳቸው ከራሳቸው የመረጡትን ቁጥር ይሰጡ ነበር። ሰውየውን ከብዙ ዓመት በኋላ ቢያገኙትም ቁጥሩን አይስቱም ነበር።